በመቲ ከተማ መኪናን በቤት ስለማጠብ የቀረበ ጥናታዊ ማስታወሻ

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አነዳዱ፣ ስለ ቀረጡና ስለ ታርጋው ብዙ ተደንግጓል፤ እጥበቱ ግን የሊቃውንትን ዓይን ሳያገኝ ቀርቷል። ክፍተቱ በተለይ ጋምቤላ ክልል፣ ማጃንግ ዞን፣ መቲ ከተማ ላይ ያስቆጫል። እዚህ የመኪናን ትክክለኛ ቀለም ለማወቅ ሊብሬውን ማየት የሚያስፈልግባቸው ወራት አሉ። ጥናቱን አጣዳፊ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ፦ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ግቢ ውስጥ የቆመችው አሮጌ ኮሮላ ምትክ የማይገኝላት ቅርስ ሆናለች። ቅርስ ደግሞ በኦሞ አይፈተግም።

የመቲ ቆሻሻ በሁለት ዐቢይ ክፍሎች ይመደባል፤ ውሃ ሲያይ የሚሸሽና ውሃ ሲያይ የሚስቅ።

የመጀመሪያው ክፍል ጭቃ ነው። ቀይ የሆነው አፈሩ የዛገ ብረት ስላለበት ነው። ንዑስ ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፦ የክረምት ጭቃ፣ የበጋ አቧራና ፓራፋንጎ ውስጥ የሚኖረው። ሦስተኛው ከመኪናው ጋር ተገዝቶ ከመኪናው ጋር የሚሸጥ ስለሆነ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው። የበጋ አቧራም ቢሆን በኋላ መስታወት ላይ «እጠቡኝ» ብለው ለሚጽፉ ሕፃናት ሰሌዳ ከመሆን ያለፈ ታሪክ የለውም። ሰነፍ አጣቢ ግን ደረቁን በጨርቅ ሲጠርገው ጉዳት ይጀምራል።

ጉዳቱን ለመረዳት የመኪናን ቆዳ ማወቅ ያሻል። ከላሜራው በላይ መሠረት ቀለም አለ፤ ከእሱ በላይ ዋናው ቀለም፤ ከሁሉ በላይ ጋራዦች ትራንስፓረንት የሚሉት ግልጽ ሽፋን። የዚህ ሽፋን ውፍረት 40 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የሰው ፀጉር እንኳ ከዚህ ይወፍራል። አቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ከ10 7 ያገኛል። እነዚህን ሁለቱን የሚያገናኛቸው የአጣቢው ጨርቅ ነው፤ ጨርቁም እንደ ደንቡ ከአንድ ዓለም አቀፍ ቀን አከባበር የተረፈ ካናቴራ ነው። ካናቴራው ራሱ ምንም አይል፤ ደረቱ ላይ የታተመው መፈክር ግን ደረቅ ነው፤ ያገኘውን አሸዋ ይዞ ኮፈኑን ያርሳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ከታየ፣ የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን በድምቀት ተከብሯል ማለት ነው።

በሠለጠነው ዓለም ለዚህ መፍትሔው ሁለት ባልዲ ነው፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ለማለቅለቅ። ዘዴው በመቲም ተሞክሮ ሠርቷል፤ ሁለተኛው ባልዲ እንጀራ ጋጋሪዋ እስክትፈልገው ድረስ።

ሁለተኛው ክፍል፣ ውሃ ሲያይ የሚስቀው፣ ቀለም ላይ የተጣበቀ ነው። መኖሩ በዓይን አይታወቅም። መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እጅን ፌስታል ውስጥ አስገብቶ ኮፈኑን በቀስታ መዳበስ ነው፤ ፌስታሉ የጣትን ስሜት ስለሚያጎላ ለስላሳ የመሰለው ገላ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። የሻከረው ከፍሬን የሚበን የብረት ብናኝ፣ ከአስፋልት የሚረጭ ሬንጅ ወይም የዛፍ ሙጫ ነው። ፈረንጆች ይህን በሸክላ ያነሡታል። ሸክላ ገዝተው፣ በሳሙና ውሃ አርሰው፣ መኪናቸውን ያሹበታል። ወሬው መቲ ሲደርስ አንዳንድ ወገኖች በግቢያቸው ስላለው የሸክላ ክምችት ተስፋ አድርገው ነበር፤ የፈረንጁ ግን በፋብሪካ የተሠራ ሊጥ መሰል ሙጫ ነው እንጂ ከጓሮ የሚዛቅ አይደለም።

ከተጣባቂዎቹ ሁሉ ግን አንዱ ለብቻው ምዕራፍ ይገባዋል፤ የንብ ኩስ።

ማጃንግ የደንና የማር አገር ነው። ደኑን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል፤ ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ መስቀልም የማጃንጎች የቆየ ሙያ ነው። ነጭ መኪና ያለው ሰው በማለዳ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ብጫ ነጠብጣብ ሲያይ የሚጠረጥረው ቀለም የሚቀባውን ጎረቤቱን ነው፤ ወደ ላይ ቀና የሚል ጥቂት ነው።

ነጠብጣቡ በቅርጹ ክብና ጅራታም ተብሎ ይከፈላል። ክቡ ቀስ ብላ ስታንዣብብ፣ ጅራታሙ እየበረረች ሳለ የለቀቀችው ነው። ጅራታሙ ደግሞ አጭር ጅራትና ረጅም ጅራት ተብሎ ይከፈላል። ከጅራቱ አቅጣጫ ተነሥቶ የማን ቀፎ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል የሚል ወገን አለ፤ ይህ ወገን ከጎረቤቶቹ ጋር አይነጋገርም።

አንድ ቅዳሜ መኪናዬን የሚያጥብ ልጅ አንዱን ነጠብጣብ በጣቱ ነካና «ጋሼ፣ ይሄ ማር ነው እንዴ?» አለኝ። ጣቱ ወደ አፉ መንገድ ጀምሮ ስለነበር መልሱን በጩኸት ሰጠሁት። ጩኸቱን የሰሙት ባለ ቀፎው ሽማግሌ ባጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ንብ ኩስ የላትም ልጄ፤ ንብ ንጹሕ ናት።»

«አባባ፣ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«መኪናህ ይሆናል።»

ሽማግሌው በየዓመቱ ማር ስለሚልኩልኝ ክርክሩ በሳይንስ አልተቋጨም። ደግሞም ግማሽ እውነት አላቸው። ንብ ንጹሕ ናት፤ ከንጽሕናዋ ብዛት ቀፎዋ ውስጥ አትጸዳዳም። ውጭ ትወጣለች። ውጭ ማለት የእኔ ኮሮላ ናት።

በኩሱ ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ ቅርፊት ነው። ይህ ቅርፊት ተፈጥሮ ከሠራቻቸው ነገሮች ሁሉ እልኸኛው ሳይሆን አይቀርም፤ በሐይቅ ደለል ውስጥ ሺህ ዓመታት ተቀብሮ ሳይበሰብስ ይወጣል። ስለዚህ በጥፍር መፋቅ ቅርፊቱን ሳይሆን ትራንስፓረንቱን ያነሣል፤ ኦሞም ቢሆን ለልብስ የተሠራ ነውና ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰም ይዞ ከመሄድ ያለፈ ፋይዳ የለውም። የሚሠራው ዘዴ ያሳፍራል፤ ንጹሕ ጨርቅ በለብታ ውሃ ነክሮ ነጠብጣቡ ላይ ማልበስና ሻይ ጠጥቶ መምጣት። ሲመለሱ በስሱ ከተጠረገ ይለቃል። ፀሐይ ሳያበስለው፣ በዕለቱ መሆን አለበት፤ የወፍ ኩስ ሲሆን ደግሞ ሻዩም አይደርስም፤ አሲዱ ቀለሙን ይበላል።

ከዚያ ሰም መቀባት ነው። አንዳንዱ የመኪና ሰም የንብ ሰም እንዳለበት ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም፤ ሒሳብ ይጠይቁኛል።

ሬንጅን በነጭ ጋዝ ስለማስለቀቅና ስለ ቸርኬ እጥበት የተዘጋጁት ምዕራፎች ዝናብ ስለጀመረ ቀርተዋል። በዚህ አገር ዝናብ ከጀመረ እስከ ጥቅምት ወሬው አንድ ነው። እስከዚያው ለባለመኪኖች የምንሰጠው ምክር አጭር ነው፦ መኪናውን ወንዝ ውስጥ አታስገቡ፣ ታች ያለው ሰው ውሃውን ይጠጣል፤ ገላውንም አትፈትጉ። ታርጋውንና መብራቱን ብቻ ጥረጉ፤ ትራፊክ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።