ብሔሞት ከበሰበሰ ግንድ ሥር

እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ዙኪስ የተባለው የሥነ እንስሳት መጽሔት ከአሜሪካ፣ ከደቡብ ምዕራብ ኦሪገን ደኖች አዲስ ጭራቅ መገኘቱን አበሰረ። ጭራቅ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አምስቱ ተመራማሪዎች ራሳቸው ጽሑፋቸው ርእስ ላይ ያሰፈሩት ነው። ስሙንም ክሪፕቶማስተር ብሔሞት አሉት። የሄኖክን መጽሐፍ ሙሉውን በግእዝ ጠብቆ ያቆየ አገር ሰው ይህን ስም ሲሰማ ቢያማትብ አይፈረድበትም። እዚያ ብሔሞት ማለት ምድረ በዳውን በደረቱ የሚይዝ፣ በባሕር ጥልቅ ከምትኖረው ከሌዋታን ተለይቶ ለብቻው የተቀመጠ ታላቅ ፍጥረት ነው።

የኦሪገኑ ብሔሞት ግን አካሉ በሚሊሜትር ይለካል። አድራሻው የበሰበሰ ግንድ ሥር ነው። ጫማችሁ ላይ ቢወጣ አታዩትም፤ ብታዩትም አፈር መስሏችሁ ታራግፉታላችሁ። ታዲያ ምኑ ነው ብሔሞት የሚያሰኘው? ከዘመዶቹ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ዘመዶቹን ማየት የፈለገ አጉሊ መነጽር ይዞ ይምጣ።

ነገሩን የጀመረው ቶማስ ብሪግስ ነው። በ1969 ከዚያው ከኦሪገን የተገኘውን የዚህን ወገን የመጀመሪያ ዝርያ ሌዋታን ብሎ ሰየመው። የበኩር ልጅ ሌዋታን ከተባለ ተከታዩ ከዚያ አንሶ ሊጠራ አይችልም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ታናሹ ተገኘና ብሔሞት ተባለ። ሦስተኛ ከመጣ ጎልያድ መባሉ አይቀርም።

ብሔሞትም ሌዋታንም ሃርቨስትማን ናቸው፤ ለማያውቀው ላስተዋውቅ። በእንግሊዝኛ ሃርቨስትማን የሚባሉት ስምንት እግር ያላቸው፣ ሰው ሁሉ ሸረሪት ብሎ የሚያልፋቸው ፍጥረቶች ናቸው። ሸረሪት ግን አይደሉም። ሸረሪት ወገቧ ቀጭን ነው፤ ሃርቨስትማን ወገብ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ከራሱ እስከ ሆዱ አንድ ወጥ ነው። ድር አያደራም። መርዝ የለውም። ዓይኑ ሁለት ብቻ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ እነሱም ከጀርባ መሃል ጉብ ብላ በወጣች ማማ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ከአራቱ ጥንድ እግሮች ሁለተኛው ጥንድ ከሁሉም ይረዝማል፤ ሥራውም ከመሄድ ይልቅ መዳሰስ ነው። ፊት ለፊት ያለውን ነካ፣ ነካ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። ረጃጅም እግር ያላቸውን አንድ እግራቸውን ብትይዙ እግሩን ትተውላችሁ ይሄዳሉ። የተጣለው እግር መሬት ላይ ለብቻው ሲፍጨረጨር፣ አዳኝ እሱን ሲያይ፣ ባለቤቱ ርቋል። ያ እግር ተመልሶ አይበቅልም። ሌላው መከላከያው ከጎንና ጎኑ የሚያወጣው የሚሸት ፈሳሽ ነው። እስካሁን ከ6,500 በላይ ዝርያዎቹ ስም አግኝተዋል፤ ያላገኙትም ብዙ ናቸው።

እንዲህ ያለ ሰላማዊ ፍጥረት ነው እንግዲህ ጭራቅ የተባለው። ተመራማሪዎቹን ግን አልፈርድባቸውም። የሰውን ጠባይ ያውቁታል። ትንሽን ነገር በትንሽነቱ የምናይበት ዓይን የለንም፤ ወይ ያስፈራን፣ ወይ ያስቀን፣ ወይ ገንዘብ ያስወጣን። ስሙ ኦሪገናዊው ቡናማ ቢባል ኖሮ ከአምስቱ ጸሐፊዎችና ከእናቶቻቸው ሌላ ማን ያነበው ነበር? እኔስ ይህን እጽፍ ነበር? በ2015 ብራዚል ውስጥ፣ በሚናስ ዤራይስ ዋሻ የተገኘው ዓይን አልባ ሃርቨስትማንም ስሜጎል ተብሎ ከቶልኪን ልብ ወለድ ስም የተዋሰው በከንቱ አይደለም። ዋሻ ውስጥ ገርጥቶ የሚኖር ፍጥረት ጋዜጣ ላይ ለመውጣት የፊልም ዘመድ ያስፈልገዋል።

ስም አወጣጡ እንዲህ ይቅለል እንጂ ወደ ስሙ የሚያደርሰው ሥርዓት ረጅም ነው። ክርስትና ማንሳት በሉት፤ ልዩነቱ እዚህ ተጠማቂው የሚነከረው አልኮል ውስጥ ነው፣ ከተነከረም አይወጣም። ከተሰበሰቡት መካከል አንዱ ይመረጥና የስሙ ባለቤት ይሆናል። እሱ ሙዚየም ውስጥ በብልቃጥ ይቀመጣል፤ ወደፊት የሚገኙት ወገኖቹ ሁሉ የሚመሳከሩት ከእሱ ጋር ነው። ከዚያ ልኬቱ ይጀመራል። የፊተኛው እግር ጭን ይህን ያህል፣ ቅልጥሙ ይህን ያህል፤ ቀጥሎ የሁለተኛው፣ ቀጥሎ የሦስተኛው። እሾሆቹ ይቆጠራሉ፤ የእግሩ ጫፍ አንጓዎች ይቆጠራሉ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስስ ወርቅ ይቀባል። ዕድሜውን በሙሉ ብስባሽ ሥር የኖረ ፍጥረት ከሞተ በኋላ ወርቅ ለብሶ ፎቶ ይነሳል። በሕይወቱ ዞር ብሎ ያላየውን ጎረቤት ሲሞት ድንኳን አስጥሎ የሚያለቅስ የእኛ ሰው ግን ይህ ብዙም አይደንቀውም።

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ጨዋ ሰው የማያነሳው ነገር ነው። የሃርቨስትማን ወንድ፣ ከሸረሪት በተለየ፣ ትክክለኛ ብልት አለው። አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው ዋነኛው ምልክትም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ የተከበረው ሊቅ በተከበረው መጽሔት ላይ ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች ሥሎ ያትመዋል። አንባቢዎቹም በጽሞና ያወዳድራሉ። ማንም አይስቅም።

የሚስቀው ሌላው ሕዝብ ነው። በዚያው በ2016 በርሊን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠሩት ጄሰን ደንሎፕና ባልደረቦቻቸው፣ ከበርማ በመጣ አምበር፣ ማለትም ዘመን ባጠነከረው የዛፍ ሙጫ ውስጥ፣ 99 ሚሊዮን ዓመት የቆየ ሃርቨስትማን ገለጹ። ፍጥረቱ ሙጫው ሲደርስበት ለሠርግ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እንደተዘጋጀም ቀረ። ተመራማሪዎቹ ዝምድናውን ለማወቅ የሚረዳ ብርቅ ማስረጃ አገኙ። ጋዜጦቹ ደግሞ ርእስ አገኙ። ስለ ዝምድናው የጻፈ ጋዜጣ ካለ አላየሁም። ወዮለት! 99 ሚሊዮን ዓመት ገመናው ተሸፍኖለት ኖሮ፣ ሊቃውንት ባገኙት ሳምንት ዓለም አየው።

ወደ ብሔሞት ልመለስ። በእሱና በሌዋታን መካከል ያለው የመልክ ልዩነት እጅግ ጥቃቅን ነው። ተመራማሪዎቹ 15 ቦታ ዞረው ሰበሰቡ፤ ዲኤንኤውን አስነበቡ፤ ነገሩን የቆረጠው እሱ ነው። ከሰማይ ከምድር የከበደ ስም የተሸከሙ ሁለት ጭራቆች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በቀላሉ አይለዩም። ይህ አሠራር አድካሚ ነው፤ ግን ከበፊቱ ይሻላል። የበፊቱን ለማወቅ ካርል ፍሪድሪክ ሮቨርን ማየት ይበቃል።

ሮቨር ከ1881 እስከ 1963 የኖረ ጀርመናዊ ነው። በ1923 የዓለምን ሃርቨስትማኖች ከ1,100 ገጽ በላይ በሆነ አንድ መጽሐፍ ጠረዛቸው። ዛሬ ከሚታወቁት ዝርያዎች ሲሶ ያህሉን የሰየመው እሱ ብቻውን ነው። እንዴት ቻለ? ቆጠረ። የእግሩ ጫፍ ስንት አንጓ አለው? እሾሁ ስንት ነው፣ የት ላይ ነው? አንድ አንጓ በለጠ እንደሆነ አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አዲስ ወገን አቋቋመለት፤ አንድ አባል ብቻ ያለው ወገን፣ ያ አባልም ሊቀመንበሩ። እንዲህ ያለ ማኅበር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ችግሩ በኋላ መጣ፤ የአንጓው ቁጥር በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ከሮቨር በኋላ የመጡት ሊቃውንት አሥርት ዓመታት የፈጁት እሱ በቁጥር የለያያቸውን ቤተሰቦች በማስታረቅ ነው። አሁንም አልጨረሱም።

ጥንቸል በመምሰሉ የታወቀው የኢኳዶሩ ሃርቨስትማንም የሮቨር ልጅ ነው። በ1959 ሜታግሪኔ ቢኮሉምናታ ብሎ ሰየመው። ማንም ጉዳዬ አላለውም። በ2017 አንድሪያስ ኬይ የተባለ ፎቶ አንሺ አማዞን ደን ውስጥ ከነሕይወቱ አነሳው፤ ጀርባው ላይ ጥቁር የጥንቸል ራስ ቁጭ ብሎ ነበር፣ ከነጆሮው፣ ቢጫ ዓይን ከሚመስሉ ነጠብጣቦች ጋር። ዓለም ተንጫጫ። ገሚሱ ጥንቸል ነው አለ፣ ገሚሱ የለም ውሻ ነው ብሎ ተሟገተ። ትክክለኛዎቹ ዓይኖቹ የት እንዳሉ የጠየቀ ጥቂት ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ስም ይዞ ሳይታወቅ የኖረ ፍጥረት የታወቀው ሌላ እንስሳ ስለመሰለ ነው።

በአንጻሩ እውነት ትልቅ የሆነው ምን ገጠመው መሰላችሁ? በ2012 ፔተር ዬገር የተባሉት ጀርመናዊ ተመራማሪ ላኦስ ዋሻ ውስጥ እግሮቹ ሲዘረጉ ከ33 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሃርቨስትማን አገኙ። እንጀራ ላይ ቢቀመጥ የስፋቱን ግማሽ ያህል ይሸፍናል። ዜናው ሲወጣ ይህ ባለ ግዙፍ እግር የዝርያ ስም አልነበረውም። ብሔሞት የሚለው ስም ለኦሪገኑ ደቃቃ ተሰጠ፤ ይህኛው ስም የለሽ ሆኖ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ያም ሆኖ የሰው ፍርሃት ከሳይንሱ ይቀድማል። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ትምህርት ቤት ከሚሸምቱት ወሬ አንዱ ሃርቨስትማን መርዘኛ ነው የሚለው ነው። እዚያ ዳዲ ሎንግ ሌግስ ይሉታል፤ በዚሁ ስም እውነተኛ ሸረሪትም ይጠራል፣ ስለዚህ የአንዱ ስም ማጥፋት ለሌላው ይተርፋል። እናት ጋራዡን ስትጠርግ ልጅ ከበሩ ይጮሃል፦

«እማዬ፣ አትንኪው! በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ መርዘኛው እሱ ነው! ጥርሱ አጭር ስለሆነ ብቻ ነው ሰው የማይገድለው።»

«ጥርሱ ካልደረሰ መርዙን ማን ቀምሶ ነገረህ የኔ ጌታ?»

ብዙ ጊዜ የሚነገር የትምህርት ቤት ወሬ በአንዲት ጥያቄ ሲወድቅ ደስ ይላል። እናት ግን ይህን ብላም መጥረጊያውን አታስቀምጥም።

ቴክሳስ ላይ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። በኦስቲን ከተማ አካባቢ ዋሻዎች ውስጥ ጥቃቅን ሃርቨስትማኖች አሉ። በ1988 የአሜሪካ መንግሥት አንዱን፣ ቴክሴላ ሬዴሊ የተባለውን፣ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። በ1992 ዳረል ዩቢክና ያው የሌዋታኑ ብሪግስ ወገኑን እንደገና ሲመረምሩ ጥበቃ የተደረገለት አንድ ሳይሆን ሁለት ዝርያ ሆኖ ተገኘ። በሕግ አንድ ሆኖ ያደረ በማይክሮስኮፕ ሁለት ሆኖ ነጋ። በ1993 መንግሥት መዝገቡን አረመ።

እዚያው መሬት ያላቸው ባለሀብቶች የገበያ ማዕከል፣ መኖሪያ ቤትና ቢሮ ሊገነቡ አስበው ነበር። ከመሬቱ ሥር ግን ሁለቱ ሃርቨስትማኖችና ሌሎች አራት የዋሻ ነዋሪዎች አሉ ተብለው ተከለከሉ። ክስ መሠረቱ። ክርክራቸውም የሚናቅ አልነበረም፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን በክልሎች መካከል ያለውን ንግድ መቆጣጠር ነው፤ ይህ ፍጥረት ደግሞ ከቴክሳስ ወጥቶ አያውቅም፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አንድ ጊዜ እንኳ ኦሪገን ድረስ ሄዶ ብሔሞትን ጠይቆ ቢመለስ ኖሮ ጠበቆቹ አፍ ባልነበራቸው።

በ2003 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በባለ መሬቶቹ ላይ ፈረደ። በ2004 ጉዳዩ በሙሉ ችሎት ይታይ የሚለው ጥያቄ ሲወድቅ፣ ያልተስማሙት ዳኞች የኢንች አንድ ስምንተኛ ለሚያክል የዋሻ ተባይ ተብሎ ሕገ መንግሥት ተለጠጠ ብለው አማረሩ። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አላየውም አለ። ያሸነፈው ምክንያት ምን ነበር ብትሉ፣ ሃርቨስትማኑ ለብቻው ሲታይ ከንግድ ጋር ምንም አያገናኘው ይሆናል፤ የመጥፋት አደጋ የተደቀነባቸው ዝርያዎች ሁሉ አንድ ላይ ሲታሰቡ ግን ያገናኛቸዋል የሚል ነው። ምስኪን ሮቨር! ዕድሜውን ሙሉ ሲቆጥር ኖሮ መደመርን ሳያስብበት ሞተ።