ማንነቱን ያልደበቀው ሰንጋ

ከወላይታ ተነሥቶ ትልቅ ቦታ መድረስ ለሚሻ ሰው ያልተጻፈ ሥርዓት አለ፤ ብልሃቱም ሊደነቅ ይገባዋል። በመጀመሪያ እናት ያወጣችው ስም ይታጠፍና ለሰሚ ጆሮ በማይጎረብጥ ሌላ ስም ይተካል። ቀጥሎ ወላይትኛው ለአያትና ለሠራተኛ ይተዋል፤ ልጆቹም «ትንሽ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም» እየተባለ በኩራት ለእንግዳ ይቀርባሉ። ሰውየው አዲስ አበባ ላይ አገሩን ሲጠየቅ «ከደቡብ ነኝ» ይላል፤ ደቡብ ሰፊ ነውና እዚያ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ግን የባህል ልብሱን ዱንጉዛ ለብሶ ሶዶ ላይ ፎቶ ይነሣል፤ ልብሱም እስከ ከርሞ ሳጥን ይገባል። እንዲህ ያለውን ሰው ማንነቱን አጥቷል ማለት ስም ማጥፋት ነው። አላጣውም፤ 364 ቀን አስቀምጦት ነው።

የዚህ ሥርዓት ብቸኛ ጉድለት ገበያው ያልሰማው መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ሥጋ ቤት «የወላይታ ሰንጋ» ሲል በኩራት ነው፤ ደንበኛም ይህን ሰምቶ ይገባል። ሰንጋው ከወላይታ መምጣቱ ዋጋውን ያስወድደዋል። በዚያው መንገድ የመጣው ሰው ግን ዋጋዬ የሚወደደው የመጣሁበት ካልታወቀ ነው ብሎ ያምናል፤ ቁርጡን በዳጣ እያጣቀሰም «ከደቡብ ነኝ» ይላል። ከሁለቱ ገበያውን በደንብ ያጠናው ሰንጋው ይመስላል።

ማንነትን ማራገፍ ለዕድገት ይበጃል የሚለው ሐሳብ በመንግሥት ደረጃም ተሞክሯል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተደባልቀው «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ ቋንቋ ተሠራ፤ መጻሕፍትም ታተሙበት። ሒሳቡ እንከን አልነበረውም፤ በአራት ቋንቋ ከማሳተም በአንድ ማሳተም ይረክሳል። የሶዶ ተማሪዎችና መምህራን ግን ቁጠባ ስላልገባቸው በኅዳር ወር አደባባይ ወጡ። ሰው ሞተ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያን ጊዜ ሕይወት የተከፈለበትን ቋንቋ፣ ዛሬ በዚያ መሥዋዕትነት የተገኘ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ለልጁ ሳያወርስ ይጥለዋል። መንግሥት በግዴታ ያቃተውን በፈቃደኝነት፣ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ መፈጸም እውነትም ትልቅ ቁጠባ ነው።

«በወላይታ ሰው ላይ የነበረው ንቀት እኮ የእውነት ነበር» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ነበር። የሊስትሮ ሳጥን አንግቦ ከቤቱ ለወጣ ልጅ፣ በስሙ ሲዘባበቱበት ሌላ ስም መያዝ ጋሻው ነው፤ እሱን የሚወቅስ አንጀት የሌለው ብቻ ነው። ልጁ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ በኋላስ ጋሻው ከማን ይከላከልለታል? አሁን እሱ በተሸሸገ ቁጥር ከሥሩ ያለው ጀማሪ «ለካ የሚደረሰው በመሸሸግ ነው» ብሎ ይማራል፤ ንቀቱም ናቂ ሳያስፈልገው ይቀጥላል። «ያለ አማርኛና ያለ እንግሊዝኛ የት ይደረሳል?» ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፤ ሁለቱንም ይማሯቸው። አዲስ ቋንቋ ለማስገባት የእናትን ቋንቋ ማስወጣት ግድ ነው ያለ ሐኪም ግን እስካሁን አልተሰማም። «ይህ ነገር ወደ ጎሠኝነት ይወስዳል» የሚሉም አሉ። የእግር ኳስ ቡድኑ ወላይታ ድቻ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት የወላይታን ስም እንደያዘ ነበር። በድሉ የተደሰተው ግን የሶዶ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ስሙን የጠራ ቡድን አገሩን አላሳነሰም።

ስለዚህ ወንበር ያገኛችሁ ወገኖች፣ ጊፋታን አትጠብቁ። ስማችሁን ሳትሸራርፉ ጻፉ፤ አገራችሁን ስትጠየቁ ሶዶ፣ አረካ፣ ቦዲቲ በሉ፤ ልጆቻችሁንም ዛሬ ማታ በወላይትኛ አናግሯቸው። ራሱን መንገድ ላይ ጥሎ ከፍ ያለ ሰው ካለ፣ ከፍ ያለው ሌላ ሰው ነው፤ እናቱ የላከችው ገና አልደረሰም።