«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ»

ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት የሚነገረን ይኸው ብቻ ነው። ማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ ጫር ጫር ይደረጋል፣ ብር ይቆጠራል፣ «ቀጣይ!» ይባላል። ስትሮክ ፈርተን ዕድሜ ልካችንን የምንውጠው ኪኒን ሰውነታችን ላይ ምን እንደሚያመጣ የሚነግረን ሰው ጠፋ።

እኔ ለግፊቴ ኢናላፕሪል ከጀመርኩ በኋላ አራት ወር ሙሉ ደረቅ ሳል አሰቃየኝ። ሌሊት እንቅልፍ የለ፣ ቀን ዕረፍት የለ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፣ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ፣ ሽሮፕ ገዛሁ፣ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ጨረስኩ። ከካራ ወደ መገናኛ በሚሄደው ሚኒባስ ሳሌ ሲነሳ አጠገቤ ያለው ሰው ፊቱን ያዞራል፣ መስኮት ይከፈታል። አልፈርድባቸውም። በ2012 የካ ኮተቤ ሆስፒታል የኮሮና ሕሙማን ማዕከል ሲሆን ያየ ሰፈር ሳል ቢያስደነግጠው ምን ይገርማል? በአራተኛው ወር ቀጠሮዬ አንዲት ወጣት ሐኪም ሳሌን እንደሰማች «የሚወስዱት ኢናላፕሪል ነው?» አለችኝ። መድኃኒቱ ብራዲካይኒን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይፈርስ ስለሚያደርግ፣ እሱ ሲጠራቀም ነው የሚያስለው። በሎሳርታን ቀየረችልኝ፤ በሦስት ሳምንት ሳሉ ለቀቀኝ። ይቺን አንድ ቃል መጀመሪያውኑ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ!

ግቢያችን ያሉት እናት ደግሞ አምሎዲፒን ይወስዳሉ። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል፤ የካልሲው ላስቲክ ያረፈበት ጎድጉዶ ይቀራል፣ በጣት ሲጫኑትም ይሰረጉዳል። «በቃ፣ ኩላሊቴ ሄደ» ብለው ማንንም ሳያማክሩ ኪኒኑን ተዉት። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸውን አዞራቸውና ሲለኩ 190 በ110 ሆነ። ኩላሊታቸው ደህና ነበር። መድኃኒቱ የደም ሥር ስለሚያሰፋ ፈሳሽ ወደ እግር ይወርዳል፤ ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 ሲቀንሱላቸው እብጠቱ ጎደለ።

ሌላውስ! ውኃ የሚያስሸናውን ኪኒን ውጦ በመንገድ መዘጋጋት ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመው ሰው አስፕሪኑን በባዶ ሆዱ ይውጥና ጨጓራው ይነድዳል። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱት ደግሞ ከሁላችንም የባሰባቸው ናቸው። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክመዋል። ዐቢይ ጾምን በጎመን የከረመ ሰው፣ ለፋሲካ ጎመኑን እርግፍ አድርጎ ሲተወው ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን ይችላል። ይኼ ጾም ከመግባቱ በፊት የሚነገር ነገር አልነበረም? የደም ምርመራው ቀጠሮስ ከጾሙና ከፍስኩ ጋር ታስቦ ቢሰጥ ምን ነበረበት?

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ ራሱ ሌላ ሕመም ሆኗል። ያን ያህል ከፍለን የገዛነውን መድኃኒት ባለማወቅ መሳቢያ ውስጥ ጥለነው እንቀመጣለን።

ከመስኮቱ ወዲያ ያላችሁ ልጆቻችን፣ ሰልፉ እንደሚያደክማችሁ እናያለን። ግን «ሊያስልዎት ይችላል፣ ካስቸገረዎት ይመለሱ» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? የምትውጡትም ወገኖቼ፣ ሳሉ ወይም እብጠቱ ቢያስመርራችሁ ኪኒኑን በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሐኪሙ ጋ ተመለሱና «ይኼ ምን እያደረገኝ ነው?» በሉ። ብዙውን ጊዜ ምትክ አለው።