ጾመ ኩርፊያ

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የአዋጅ አጽዋማት ሰባት መሆናቸውን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ ክርስቲያን ባይኖርም፥ በአዲስ አበባ ከተማ በብዙ አባወራዎች ቤት ስምንተኛ ጾም ከተደነገገ ዘመን ሲቈጠር ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ በባሕረ ሐሳብ አለማስገባታቸው እጅግ የሚያሳዝን ነው። ይኸውም ጾመ ኩርፊያ ነው። ዐቢይ ጾም ቢረዝም 55 ቀን ነው፤ የነነዌም ቢያጥር 3 ቀን ነው፤ የዚህኛው ግን መግቢያው እንጂ መውጫው አይታወቅም፤ ፍስኩም የሚሆነው ሚስት ያላጠፋችውን «አጥፍቻለሁ» ባለች ዕለት ነው።

ጾመኛው አፉን ከቃል፥ እጁን ከሥራ ይከለክላል፤ ከመብል መከልከል ግን በዚህ ሥርዓት አልታዘዘም። የዋልድባ መነኮሳት እህል ትተው በቋርፍ ሲኖሩ፥ በሳሎን ሶፋ ላይ የመነነው የኛ ባሕታዊ «አልበላም» ብሎ ከቤት ወጥቶ፥ ማታ ከሥጋ ቤት ጥርሱን እየጐረጐረ ይመለሳል። ያኮረፈ ልጅ ምሳው ራት ይሆነዋል የሚባለውም ለልጅ ነው፤ ለአባወራ ምሳው ተከድኖ ይቈየዋል፥ ራቱም ይጨመርለታል።

የአርምሞው ጥልቀት ይታወቅ ዘንድ አንዱን ሌሊት እንመልከት። በፈረቃ የሚለቀቀው ውሃ እኩለ ሌሊት ላይ ቧንቧውን እያንኳኳ ሲደርስ፥ ሚስት ጋቢዋን ደርባ ጀሪካኖቹን ትደረድራለች፤ ባልም መንቃቱ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮው በመሳቡ ይታወቃል። ጎማው ያለቀው የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከርሟል፤ ጤፉም ተበጥሮ በጆንያ እንደ ታሰረ ወፍጮ ቤት የሚያደርሰው አጥቷል። ሲነጋ ትንሿ ልጃቸው ለመልእክተኛነት ትሾምና፥ እናቲቱ አጠገቡ ቆማ ሻይ ስትቀዳለት አባት «ሸሚዜ አልተተኰሰም ብለሽ ለእናትሽ ንገሪያት» ይላል፤ ልጅቱም ወደ ሁለቱ ተራ በተራ ከተመለከተች በኋላ «እማዬ፥ ሰማሽው አይደል?» ብላ ወደ ቍርሷ ትመለሳለች።

በሕግም በኩል ይህ ሰው ሊቅ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ አድርጎ ሾሞት ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ሹመት ሽሮ፥ ባልና ሚስት እንዲከባበሩ፥ እንዲተጋገዙና ቤታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ አዘዘ። ብልሁ ባላችን ግን ሁለቱንም ሕግጋት አስማምቶ፥ የሚስቱ ደመወዝ ሲቈጠር በአዲሱ፥ ሣህን ሲታጠብ በአሮጌው ይዳኛል።

ነገሩ ሲከርም ሽማግሎች ይጠራሉ። እነርሱም ሌሊት ውሃ ስትቀዳ ያደረችውን ከፊታቸው አቁመው «አንቺ ልጄ፥ ወንድ ልጅ ሆድ ይብሰዋል፤ ቻይው፤ ትዳር መቻል ነው» ብለው ይገሥጿታል፤ ያኮረፈውንም «ለኛ ስትል» እያሉ ይለማመጡታል። ለዕርቁ ማሠሪያ ዶሮ ይታረዳል፤ ሽንኩርቱን የምታቍላላውም ያችው የተገሠጸችው ናት። ባልም ዝምታ ከሥራ እንደሚያሳርፍ፥ ዝምታን መፍታትም ዶሮ እንደሚያበላ ተምሮ ይነሣል፤ እንዲህ ያለ ትርፍ የሚያስገኝ ጾም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቢጾም ነበር የሚገርመው።

እንግዲህ እናንት የተከበራችሁ ሽማግሎች ሆይ፥ የተበደለ ሰው በደሉን ይናገራል፥ ካሣም ይጠይቃል፤ በደሉን ሳይናገር ሥራውን ብቻ የሚተው ሰው ግን ሥራ ፈት ነው። ለዕርቅ በተጠራችሁ ጊዜ ከመቀመጣችሁ በፊት ወደ ወጥ ቤት ግቡና ቧንቧውን ተመልከቱ። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ለሚስቲቱ ያዘጋጃችሁትን ምክር ወደ ቤታችሁ መልሱት፤ ለባልየው ግን መፍቻ አስይዙት።