የሱቅዎን ቀረጻ ድራሹን ለማጥፋት

የሱቅዎ ካሜራ የሚቀርጽበት ዲቪአር ሃርድ ዲስኩ ጠቦ በትልቅ ሊቀይሩት ነው እንበል። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህ ሥራ እንዴት እንደሚበላሽ ነው። ቀጥተኛውን ምክር ለዘመድም ለጎረቤትም ስንት ጊዜ ተናግሬ ሰሚ ስላላገኘሁ ዛሬ ገልብጬ እነግርዎታለሁ። እያንዳንዱን ስሕተት ሰው ሲሠራው አይቻለሁ፤ ብዙ ገንዘብ ያስከፈለውም አለ።

ሲጀመር አያስሉ። ሻጩ «ትልቅ ነው፣ ይበቃዎታል» ካለዎት ይክፈሉና ይውሰዱ። ስሌቱ እኮ ከባድ አይደለም፤ አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከላከ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። ስምንት ካሜራ ካለዎት 173 ጊጋ ገደማ ነው። 1 ቴራ ስድስት ቀን ሳይደፍን ያልቃል፤ 4 ቴራ 23 ቀን ይሄዳል። ሲሞላ ማሽኑ ከአሮጌው ጀምሮ እየደመሰሰ በላዩ ይቀርጻል። ዕቃ የሚቆጥሩት በወር መጨረሻ ከሆነ፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን የወጣውን ካርቶን ማን እንደወሰደው ለማየት 4 ቴራም አልበቃም ማለት ነው። ሜኑው ውስጥ ገብተው የቀረጻውን ዓይነት ከኤች.264 ወደ ኤች.265 መቀየር እንደሚቻልም አይጠይቁ። ማሽኑ የሚችለው ከሆነ የሚይዘው ቦታ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ምናልባትም ዲስክ መግዛት ላያስፈልግዎት ይችላል። ማሽኑ እስከ ስንት ቴራ እንደሚቀበል መመሪያው ላይ ማየቱንም ይተዉት። ከ2 ቴራ በላይ ያለውን የማያዩ የቆዩ ማሽኖች አሉ፤ ለ4 ከፍለው በ2 ይኖራሉ።

ዲስኩን ደግሞ ከኮምፒውተር የተነቀለ ይግዙ፤ ይረክሳል። የኮምፒውተር ዲስክ ቀን ሠርቶ ማታ እንዲያርፍ የተሠራ ነው። ዲቪአር ግን ሌሊትም፣ በዓልም፣ ሱቁ ተዘግቶም ይጽፋል። ለዚህ ሥራ ተብለው የሚሠሩ ዲስኮች አሉ፤ ሐምራዊ መለያ ያለው ደብሊውዲ ፐርፕል፣ የሲጌት ስካይሆክ። ዋጋቸው ትንሽ ከፍ ይላል። የተነቀለውን «አዲስ ነው» ብለው በብርማ ከረጢት አሽገው ሲሰጡዎት፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ለማየት ኮምፒውተር ላይ ይሰካልኝ አይበሉ። ዲስክ የሠራበትን ሰዓት በራሱ ውስጥ ይመዘግባል። ቁጥሩን የሚያጠፉ አጭበርባሪዎች ቢኖሩም ማየቱ አይጎዳም። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነውና፣ 30,000 የሚል ካዩ ያ «አዲስ» ዲስክ ከሦስት ዓመት በላይ ያለ ዕረፍት ያገለገለ ሽማግሌ ነው።

የመቀየሪያው ቀን ደረሰ። ማሽኑን ከሜኑው አያጥፉት፤ እየቀረጸ ሳለ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉት። ዲስኩ ውስጥ የሚጽፈው ራስ ከሳህኑ ወለል ላይ በጣም ቀጭን በሆነ አየር ተንሳፎ ነው የሚሄደው፤ አንድ የጠጉር ዘለላ ከዚያ ክፍተት በብዙ ሺህ እጥፍ ይወፍራል። ዲስኩ ተሽከርክሮ እስኪያቆም ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ እንኳ የሚከብደው ሰው ሞልቷል። ገና እየዞረ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ጣል ያደርገዋል። አዲሱን ሲያስር ደግሞ የጠፋችውን ብሎን ረዘም ባለ ብሎን ይተካና፣ ካቻቢቴውን አጥብቆ ሲያዞር ጫፉ ከሥር ያለውን ቦርድ ይወጋዋል።

አዳፕተሩ የድሮው ይሁን። ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 2 አምፔር የሚል ትንሽ ጥቁር ነገር ነው። ትልቅ ዲስክ ገና ሲነሣ ለራሱ ብቻ ወደ 2 አምፔር ሊጠጋ ይችላል። ካሜራዎቹም ከዚያው ላይ ከተሰኩ ችግሩ የሚመጣው ማታ ነው፤ ሲጨልም የካሜራዎቹ የሌሊት መብራት ይበራና ኃይል ይሻማል፣ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣል። ባለሙያው በቀን መጥቶ ሲያየው ምንም አያገኝበትም። እኔ ይህን ነገር ለማወቅ አንድ ጎረቤት ሱቅ ውስጥ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ዲስኩን በጆሮዬ ማዳመጥ ነበረብኝ።

ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ይሙሉት። ይህን የሚያደርገው ሰው ብዛቱ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር ደኅና ሆኖ ማስረጃው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑን 02:00 ብለው ከሞሉት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሌባው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገባ፤ ፖሊሱ 03:00 ላይ ሲከፍት ገበያተኛ ሲገዛ ያያል። የሌባው ምስል ያለው ግን 21:00 ላይ፣ ያውም በቀደመው ቀን ስም ነው። ወሩንም እንዲሁ መስከረምን 1 ብለው ያስገቡ። ማሽኑ ጃንዋሪ መሰለውና 31 ቀን ይቆጥራል፤ ጥቅምትን ፌብሩዋሪ ነው ብሎ በ28 ይዘጋዋል፤ ጳጉሜንን ጨርሶ አያውቃትም። ዓመቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ኢንተርኔት ያገኘ ቀን ራሱን ሲያስተካክል መሐል ላይ ዓመታት ይዘላል። በፈረንጁ ቀንና በ24 ሰዓት ሞልቶ ዞኑን ጂኤምቲ+3 ማድረግና፣ ከማሽኑ አጠገብ «ስድስት ሰዓት ይቀነስ» የሚል ወረቀት መለጠፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሮጌው ዲስክ ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቁ፣ ወደ ፍላሽም ምንም አይገልብጡ። በኋላ ከፈለጉት ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት። ዲቪአሮች ብዙ ጊዜ በራሳቸው አጻጻፍ ነው የሚጽፉት፤ ዊንዶውስ ማንበብ ያቅተውና ዲስኩን ፎርማት ላድርገው ወይ ይላል። እሺ ይበሉት። ካልሆነም ለመንገድ ዳር ነጋዴ ይሽጡት። የደንበኞችዎ ፊት፣ ካዝናውን የሚከፍቱበት ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ጥግ ላይ የምታጠናው ልጅዎ፣ ሁሉም አብሮ ይሸጣል፤ ቶሎ የሚያልቀው ፎርማት ማውጫውን እንጂ ምስሉን አያጠፋም። ማሽኑን ደግሞ ዳንቴል አልብሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ይዝጉበት፤ የቀረውን ሙቀቱ ይጨርሰዋል።

የመጨረሻው ስሕተት ከሁሉ የቀለለው ነው፤ የአክስቴን ቤት ያገኘውም እሱ ነው። መርካቶ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። አንድ ልጅ መጥቶ ዲስኩን ቀየረላት፣ ቴሌቪዥኑን አበራ፣ ስምንቱም ካሜራ ፍንትው ብሎ ታየ። «ይኸው እትዬ፣ ሠራ» አላት። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላ ከፈለችው። የቀጥታው ምስል ግን ዲስክ አይፈልግም፤ ማሽኑ ውስጥ ዲስክ ባይኖርም ይታያል። አዲሱ ዲስክ በማሽኑ ፎርማት አልተደረገም ነበርና አርባ ቀን ሙሉ አንድ ሰከንድ አልተቀረጸም። ሁለት ኩንታል በርበሬ ጠፍቶ እኔን ስትጠራኝ የቀን መቁጠሪያውን ከፈትኩት፤ ቀረጻ ያለበትን ቀን የሚያሳየው ምልክት አንድም ቦታ አልነበረም። «ስንሄድ ስንመጣ እያየሁ?» አለችኝ፣ ጣቷን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋ። መልስ አጣሁላት።

ያን ዕለት ማታ ዲስኩን ከሜኑው ፎርማት አድርጌ፣ መልሶ ማጫወቱን አብረን ተለማመድን። አሁን ሰኞ ሰኞ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ማውዙን በሁለት ጣቷ ይዛ የቅዳሜን ጠዋት ትከፍታለች። ራሷን የሱቁን መዝጊያ ሽቅብ ስታነሣ ካየች በኋላ ነው ሚዛኑን የምታወጣው።