ስሙኒ ያልተከፈለበት እውቀት

እኔ የምለው፣ እውቀትን እንዲህ በየሜዳው በነፃ የሚበትኑ ሰዎች የሚያሳድጉት ልጅ የላቸውም? የቤት ኪራይስ አይከፍሉም? ደሴ ፒያሳ ላይ መጽሐፍ እያከራየሁ ልጆች ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁ ሰው ነኝና ነገሩ ይመለከተኛል። ዛሬ በዚያች ሱቅ ካልሲና የስልክ ቻርጀር ይሸጥባታል። ሱቋን የተከራየው ልጅ ጨዋ ነው፤ «ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ፣ ሻይ ልዘዝልዎ» ይለኛል። እቀመጣለሁ። ልብ ወለድ ይደረደርበት የነበረው መደርደሪያ ላይ የጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሎ ሳይ ሻዩ አልወርድ ይለኛል። እጠጣዋለሁ ግን፤ በነፃ ነው።

ላልደረሰበት ሰው የመጽሐፍ ኪራይ እንዲህ ነበር። ተማሪው ከወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት እንደተለቀቀ ይመጣል። መታወቂያውን፣ መታወቂያ ከሌለው የእጅ ሰዓቱን ያስይዛል። በካኪ ወረቀት የተለበጠ፣ ማኅተም ያረፈበት መጽሐፍ ይወስዳል። ለአንድ ሌሊት ስሙኒ፣ ካዋለው ሌላ ስሙኒ። እኔም መዝገቤን ከፍቼ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የመጽሐፉን ርዕስና ቀኑን አሰፍራለሁ። አንዳንዶቹ ተንኮለኞች ነበሩ። ሦስት ሆነው አንድ መጽሐፍ ይወስዱና አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሁለቱ ያዳምጣሉ። አራት ጆሮ ሙሉ ያልተከፈለበት! ደርሼባቸው ብከራከርም «ጋሼ፣ ያከራዩን ለዓይን እንጂ ለጆሮ ነው እንዴ?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

ንግድ ብልሃት ይጠይቃል። መርማሪ ያለበት ልብ ወለድ እጄ ሲገባ የመጨረሻውን ምዕራፍ በምላጭ ቀስ አድርጌ አወጣና በክር ሰፍቼ መሳቢያ ውስጥ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። አንባቢው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ ጦሳ ተራራ ገና ጉሙን ሳያወልቅ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይጠብቀኛል። «ጋሼ፣ ገዳዩ ማነው?» «ተጨማሪ ስሙኒ።» በወሎ ምድር ከኔ በላይ ንባብን ያስፋፋ ካለ ይምጣና እንነጋገር።

መጽሐፍ የሚወደደው ሲዘጋበት ነው፤ ይህን ማንም አከራይ ይነግራችኋል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ ሲለቀም፣ በሰው እጅ የቀረው ጥቂቱ ነጠላ ሥር እየተደበቀ ከቤት ቤት ሲዞር፣ ዋጋው አልቀመስ አለ። እኔ ነግጄበታለሁ ወይም አልነገድሁበትም አልልም፤ መዝገቡ ላይ የለም። ደራሲው ግን በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዚህ አልቀልድም።

ወደ ብሶቴ ልመለስ። ንግዴን የገደለው ስልክ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባለውን ሰው አታውቁትም ማለት ነው። የነጌሌ ቦረና ልጅ ነው። ተሰዶ አሜሪካ ገባ፣ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማረ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ተቀጠረ። እዚያ በስንትና ስንት ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ተደርድሮ በአማርኛ አንድም አጣ። እኔ ብሆን «ተወዳዳሪ የለም፣ ገበያው የኔ ነው» ብዬ ደስታውን አልችለውም ነበር። እሱ አዘነ! የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመና ገንዘቡን ለቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ አዋለው። ከዚያ ከአሜሪካ ያገኘውን 15 ሺህ መጽሐፍ ይዞ አገሩ ገባ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ሰፈር፣ የራሱን መኖሪያ ቤት ምድር ለቆ ለልጆች ከፈተው። እስኪ አብራችሁኝ አስሉ። 15 ሺህ መጽሐፍ በስሙኒ ሒሳብ ለአንድ ሌሊት ብቻ 3,750 ብር ነው። አንዲት ሳንቲም አልጠየቀም። ይህም አልበቃው ብሎ በሐዋሳ በኩል አህያ የሚጎትተው ጋሪ ላይ መጽሐፍ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ይልክ ጀመር። እኔ ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ ካርቶን ሙሉ ልብ ወለድ በትከሻዬ ስሸከም የኖርሁ፣ የሱ መጽሐፍ በጋሪ! ሲ.ኤን.ኤን. እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጠው። እኔን ያስታወሰኝ ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው።

ኪሳራው የገንዘብ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ክብርም አብሮ ሄደ። ድሮ ጎረቤት ቡና ሲፈላ ነገር የሚጣራው እኔ ዘንድ ነበር። ወይዘሮ ስህን ማን ነበሩ ብሎ የጠየቀ ሰው አቦሉን ጠጥቶ የንጉሥ ሚካኤልን ነገር እስከ አይጠየፍ አዳራሽ ይሰማል፤ በቶናው ስህን የንጉሡ ልጅ መሆናቸውን ያውቃል፤ የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን የምነግረው በረካው ሲቀዳ ነው። አሁን ጉሮሮዬን ሳልጠርግ አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ይጎረጉርና ሦስቱን ባንድ ትንፋሽ ተናግሮ ቆሎውን ይዘግናል። ይኼ ነው እንግዲህ የተማረ ትውልድ! በረካውን እንኳ አይጠብቅም።

የልጅ ልጄ ከነሱ ትብሳለች። ኮምቦልቻ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የምትማረው። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ትመጣለች፤ በኮምቦልቻ ሙቀት በለበሰችው ስስ ሸሚዝ ደሴ ደርሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ጋቢዬን ትወስድብኛለች። ባለፈው «አባባ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን ወንጌል ላሳይዎት?» አለችኝ። ገዳሙ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። «ልጄ፣ እዚያ ሴት አትገባም» አልኳት። እሷ ሆዬ ጋቢዬን እንደተከናነበች ስልኳን አወጣች።

ለካ ጉዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረ ሥራ የአገራችን የብራና መጻሕፍት ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ እየተሰበሰቡ በማይክሮፊልም ይነሡ ነበር፤ ከ9 ሺህ በላይ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በደርግ ዘመን በጥይት ተመተው እግራቸው ሽባ የሆነው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ከዚያ ሁሉ ብራና ብዙውን አንድ በአንድ እያነበቡ ምን እንደያዘ መዘገቡ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ለሐይቅ ገዳም የሰጡት አራቱ ወንጌል ቁጥር 1832 ተሰጥቶታል። አሁን የፊልሞቹ ምስል ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። ስንት ሊቅ ታንኳ ተሳፍሮ፣ ደጅ ጠንቶ፣ የዕቃ ቤቱን ሹም ለምኖ ያየውን፣ የኔ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድማ በጣቷ ትገልጠዋለች።

«ማስያዣ ምን አስያዝሽ?» አልኳት።

«ስሜንና ኢሜይሌን ብቻ።»

«ሰዓትሽንስ?»

«ኧረ አልጠየቁኝም አባባ።»

ጉድ በል የወሎ ሰው! 700 ዓመት ያለፈው ወንጌል ያለ ማስያዣ ሲሰጥ! እኔ እኮ ሽፋኑ ለተገነጠለ ልብ ወለድ ሴይኮ ሰዓት ነበር የምይዘው።

«ቢዘጋና ቢቆለፍ ግን ምን ይሆን ነበር?» አለችኝ። ነገሩ ገብቶኛል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሙዚየማችን ተዘረፈ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፈ። ሙዚየሙም ዩኒቨርሲቲውም ቁልፍ ነበረው። ሌላ ቦታ ቅጂ ያልነበረው ሰነድ ከሄደ ሄደ ነው። ምን ብዬ እመልሳለሁ? ዝም አልሁ። ዝምታዬን እንደ ስምምነት እንዳትቆጥረው ትንሽ ሳልሁ።

ቀጥላ የጂሚ ዌልስን ነገር አመጣችብኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዊኪፔዲያን ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ነጋዴ ነው አለችኝ። ዕቃውን የማይሸጥ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው? ጸሐፊዎቹም ደመወዝ የላቸውም። በእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ሲኖር የኛው አማርኛ 15 ሺህ ገደማ ላይ ነው። «ስለ ኮምቦልቻ አለ?» ብዬ አስከፈትኳት። መነጽሬን አድርጌ ሳልጨርስ ጽሑፉ አለቀ። ሐረጎ ላይ ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና የታለ? ቦርከና ሲሞላ የሚሆነውስ? የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ፈረቃ ሲለቀቅ ከተማው እንዴት እንደሚደምቅስ? «ይኼ እውቀት ነው የምትሉት?» ብዬ ተቆጣሁ።

«እንግዲያው እርስዎ ይጻፉበት። ማንም መጻፍ ይችላል።»

«ስንት ይከፍላሉ?»

«ምንም።»

እንዲህም ሆኖ፣ ለአገሬ ስል፣ ልጽፍ ተስማማሁ። እኔ እየተናገርሁ እሷ ጻፈች። ቡናው ሦስት ጊዜ እስኪቀዳ ቆየን። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ምንጭ ይፈልጋል።» ምንጩ እኔ ነኝ አልኳት። አይሆንም፣ የታተመ ነገር መጠቀስ አለበት አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ያየሁት ምንጭ አይደለም፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው አንዴ በአውቶቡስ አልፎ የጻፈው ግን ምንጭ ነው! በነፃ ተከፈተ የሚሉት በር እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘበኛ አለው።

እውነቱን ለመናገር ግን ዘበኛው ልክ ነው። ቡና ላይ ስንት ጊዜ አጋንኜ እንዳወራሁ ራሴ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኛ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ነው። ስናወራ ማንም አይችለንም፤ የጻፍነው ግን ጥቂት፣ ያሳተምነው ከዚያ ያነሰ፣ የታተመውም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚኖር ነው። የልጅ ልጄ እነዚያን መጻሕፍትና መጽሔቶች እየፈለገች ልትጠቅስ ተነሥታለች። መጀመሪያ የመጣችው እኔ ዘንድ ነው። መደርደሪያዬን ከፍቼ ሳሳያት ግማሹ ባዶ ነው።

ባዶ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። መዝገቡ እጄ ላይ ነው፤ ስማችሁና ሰፈራችሁ ሰፍሯል። ከሸዋ በር፣ ከሰኞ ገበያ፣ ከቧንቧ ውሃ መጥታችሁ ለአንድ ሌሊት ብላችሁ የወሰዳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ የመምሪያ ኃላፊ ናችሁ። መጽሐፎቼን አምጡ። ቅጣቱን ትቻለሁ፤ ስለ ኪራዩ እንነጋገራለን። መርማሪ ያለበትን ልብ ወለድ የወሰዳችሁ ደግሞ ቶሎ ድረሱ፤ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው።