በሕግ አምላክ፣ ባሕር ሆይ!

ድሮ በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣው ዱላ አየር ላይ ይቆም ነበር ይባላል። ያ ጥበብ ጠፋ ብለን ስናዝን ለካ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ገብቷል። የኖርዝ ካሮላይና ሕግ አውጪዎች በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሕር ላይ ሞከሩት።

ጥፋቱ የሳይንቲስቶቹ ነው። የግዛቲቱ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን አማካሪ አድርጎ የሰየማቸው ባለሙያዎች በ2010 ሪፖርት ይዘው መጡ፤ እስከ 2100 ባሕሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ሊል ስለሚችል ዕቅዳችሁን በዚሁ ልክ አውጡ አሉ። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል? አንድ ሜትር ማለት እኮ ካርታ ማለት ነው። ካርታው አንዴ ከተቀባ ለቪላ የተሸነሸነው መሬት ረግረግ ሊባል ነው፤ ዋጋው ሊወርድ፣ መድኑ ሊወደድ፣ ባንኩ ሊያመነታ። የ20ዎቹን የባሕር ዳርቻ ካውንቲዎች ጥቅም አስከብራለሁ የሚል ኤንሲ-20 የተባለ ማኅበር ተነሥቶ ጮኸ። መጮህ ሲያንሰው ነው። መሬቱን የሚበላው ባሕር ቢሆንም ዋጋውን የሚበላው ሪፖርት ነው፤ ባሕሩን እንዳይከሱት ደግሞ መጥሪያ አይቀበልም።

ረቂቅ 819 የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የሴኔቱ ቅጂ እንደሚለው ትንበያ የሚሠራው ከ1900 ወዲህ በተመዘገበው መረጃ ብቻ ነው፤ እሱም በቀጥታ መስመር ተዘርግቶ። ባሕሩ መጨመር አልተከለከለም፣ ይህን ያህል ጨካኞች አይደሉም፤ ግን በአያቶቹ ፍጥነት፣ ሰልፉን ጠብቆ፣ ሳይቸኩል። ትኩሳቱ 39 የደረሰ በሽተኛ አጠገብ ቆሞ «ከተወለደ ጀምሮ ያለው አማካይ ሙቀቱ 37 ነው፤ ወደ ሥራው ይመለስ» የሚል ሐኪም ካያችሁ የዚህ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። የቴሌቪዥኑ ቀልደኛ ስቲቨን ኮልቤር በነገሩ ሲሳለቅ ቅር ብሎኛል፤ ምክር ቤቱ ቀልዱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ መድገም የሰው እንጀራ መንጠቅ ነው።

ክርክሩ ገና ሲሟሟቅ፣ በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ከኬፕ ሃተራስ እስከ ቦስተን ባለው ዳርቻ የባሕሩ ጭማሪ ከዓለም አማካይ ከ3 እስከ 4 እጥፍ እየፈጠነ መሆኑን አሳተሙ። ኬፕ ሃተራስ የት ነው? ኖርዝ ካሮላይና ነዋ። በመጨረሻ ረቂቁ ለዘብ ብሎ፣ ገዥዋ ቤቨርሊ ፐርዱ ሳይፈርሙበትም ሳይሽሩትም ሕግ ሆነ፤ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽኑ ለቁጥጥር ሥራ የሚውል የባሕር ጭማሪ ፍጥነት እንዳይወስን እስከ ጁላይ 1 ቀን 2016 ታገደ። በእኛ ችሎት ቋንቋ ባሕሩ የአራት ዓመት ቀጠሮ ተሰጠው።

ከሁሉ የማደንቃቸው ግን የቀድሞውን የአሜሪካ ኮንግረስ የአላባማ ተወካይ ሞ ብሩክስን ነው። በ2018 በኮንግረሱ የሳይንስ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ፣ ባሕሩ ከፍ የሚለው ድንጋይና ደለል እየገባበት አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ፤ የካሊፎርኒያን ዳርቻና የእንግሊዝን የዶቨር ነጭ ገደሎች ጠቀሱ። ሰውየውን ከመናቃችን በፊት እናስላው። የዓለም ውቅያኖስ ስፋት 361 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን በዓመት 3 ሚሊ ሜትር ለማንሣት ከ1,000 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በላይ ድንጋይ ያስፈልጋል። የሕዳሴ ግድባችን ሐይቅ ጢም ሲል 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ እንግዲህ በየዓመቱ ከ14 በላይ የሕዳሴ ሐይቅ ሙሉ ድንጋይ መናድ አለበት ማለት ነው። ዶቨር በመጀመሪያው ሳምንት ባለቀ ነበር። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ ይቀልጣል የሚለው ማብራሪያ ግን ይህን የመሰለ ትርኢት የለውም።

ዶናልድ ትራምፕም በ2024 ከኢሎን መስክ ጋር ሲያወጉ ባሕሩ በ400 ዓመት የኢንች አንድ ስምንተኛ ቢጨምር ነው፣ ያኔም የባሕር ዳር ቦታ ይበዛላችኋል ብለዋል። የኢንች አንድ ስምንተኛ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሳተላይቶች ከ1993 ጀምሮ የለኩት የአንድ ዓመት አማካይ ጭማሪ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ቁጥሩን አልሳቱትም፤ የተዛነፈው 399 ዓመት ብቻ ነው። ይህ እንግዲህ ለሕዝብ የሚነገረው ነው። አየርላንድ ውስጥ ዱንቤግ ያለው የጎልፍ ሜዳቸው በ2016 የባሕር መከላከያ ግንብ ልሥራ ብሎ ሲያመለክት፣ ሰነዱ የባሕር ከፍታ መጨመርን በምክንያትነት ጠቅሶ ነበር። መራጩ ይጠራጠር፤ ሣሩ ግን ይታጠርለት።

ክርክር ይቅር የምል እንዳይመስላችሁ። አንታርክቲካ መቼና ምን ያህል እንደሚቀልጥ ባለሙያዎቹም ይከራከሩበታል። የካሮላይና ደሴቶችም አሸዋ ናቸው፣ ድሮም ቦታ ይለውጣሉ፤ በሰሜኑ በኩል መሬቱ ራሱ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ይህን የሚሉ ተጠራጣሪዎች እውነታቸውን ነው (ሳሎኑ ውስጥ ለሚዋኘው ሰውዬ ልዩነቱን ማስረዳት ቢቸግርም)። የሚገርመኝ ጥርጣሬያቸው ሁልጊዜ ቁልቁል መፍሰሱ ነው። «እርግጠኛ አይደለንም፤ ስለዚህ ከተባለው ያነሰ ይሆናል» የሚል ሞልቷል። «እርግጠኛ አይደለንም፤ ስለዚህ ሁለት ሜትር ሊሆን ይችላል» ብሎ መሬቱን ከመሸጥ የታቀበ ተጠራጣሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የኬፕ ሃተራስ የመርከቦች መብራት ማማ በ1870 ሲሠራ ከባሕሩ 450 ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። በ1999፣ ሕጉ ከመውጣቱ 13 ዓመት ቀደም ብሎ፣ 4,800 ቶን የሚመዝነው ማማ በሐዲድ ተንሸራትቶ 880 ሜትር ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ጡቡ የምክር ቤቱን ውሳኔ አልጠበቀም። ቤቶቹ ግን ጨዋ ስለሆኑ ጠበቁ። ማማው ባለበት ደሴት፣ ሮዳንቲ በምትባለው መንደር፣ ሜይ 10 ቀን 2022 ሁለቱ በአንድ ቀን ባሕር ገቡ፤ ከ2020 ወዲህ በዚያው ደሴት የሄዱት ከ20 በላይ ናቸው። የፌዴራሉ የጎርፍ መድን ቤቱን በጊዜ ነቅሎ ለማሸሽ አይከፍልም፣ ከወደቀ በኋላ ግን ይከፍላል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ማዕበሉን መጠበቁ ሞኝነት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ሚስማሩንና የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ከዳርቻው የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው። ሻጭ ግን አሁንም አልጠፋም፤ ቤቱ ለባሕር ያለውን ቅርበት የሚያሞግሰው የደላላ ማስታወቂያም ከዓመት ወደ ዓመት ይበልጥ እውነት እየሆነ የመጣ የግዛቲቱ ብቸኛ ሰነድ ነው።